ከልደት በዓል በፊት የገጠር ካህን ቤት ኑሮ

ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ካህናት እስከ ዛሬ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚህ ጽሑፍ የሚበዛው ካህኑን በቤተ መቅደስና በቅኔ ማኅሌት ቆሞ የሚያየው ነው፤ ስለ ዜማው፥ ስለ ቅኔው፥ ስለ ቅዳሴውና ስለ ማዕርጉ ይናገራል። ካህኑ መስቀሉንና መቋሚያውን ይዞ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ያለው ኑሮ ግን፥ ይኸውም የሚበላው ከወዴት እንደሚመጣ፥ ማን እንደሚፈጭለት፥ ልጆቹ እንዴት እንደሚያድጉ፥ መሬቱንም በምን ምክንያት እንደሚይዝና እንደሚያጣ፥ እንደዚያው ያህል በዝርዝር ሲመረመር አይታይም። በ1942 ዓ. ም. የታተመው የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ስለ መሬት ሥሪትና ስለ ሹመት፥ አለቃ ለማ ኃይሉ ለልጃቸው ለመንግሥቱ ለማ የነገሩትና በ1959 ዓ. ም. የታተመው «መጽሐፈ ትዝታ» ደግሞ ስለ ቤተ ክህነት ትምህርትና ስለ ሊቃውንቱ ኑሮ ታላቅ ምስክሮች ናቸው። የወፍጮውና የምድጃው ነገር ግን ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው።

ይህ ጽሑፍ ከዚህ ሰፊ ነገር አንዱን ክፍል ብቻ ይዞ ይነሣል። በሰሜን ሸዋ፥ በጎጃምና በበጌምድር ደጋና ወይና ደጋ አገሮች፥ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ እስከ 1967 ዓ. ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ፥ የአንድ ተራ የገጠር ካህን ቤተ ሰብ ከኅዳር እኩሌታ ጀምሮ እስከ ልደት በዓል ያለውን ጊዜ እንዴት ያሳልፍ እንደ ነበረ ይገልጻል። ልማዱ ከአውራጃ ወደ አውራጃ፥ ከደብር ወደ ደብርም መለያየቱ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ እዚህ የተጻፈው ለሁሉ የሚበዛው አካሄድ እንጂ የአንድ ቦታ ታሪክ አይደለም። ይህን ወራት የመረጥንበትም ምክንያት አለን። ጾሙና መኸሩ በአንድነት የሚመጡት በዚህ ጊዜ ስለ ሆነ፥ የካህኑ ቤት በሁለት ጌቶች ማለት በመሠዊያውና በእርሻው መካከል እንዴት ይኖር እንደ ነበረ ከዚህ ወራት ይልቅ ገልጦ የሚያሳይ የለም።

፩. ክህነት፥ ጋብቻና መሬት

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የካህኑን ቤት መሠረት ማወቅ ያስፈልጋል። የገጠር ካህን በልጅነቱ ፊደል ቆጥሮ፥ ዳዊት ደግሞ፥ ዲቁና ይቀበላል። እስከ 1921 ዓ. ም. ድረስ፥ ይኸውም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ጵጵስና እስከ ተቀበሉበት ዘመን፥ ክህነት የሚሰጠው ከግብፅ በሚመጡ ጳጳሳት እጅ ብቻ ስለ ነበረ፥ የሩቅ አገር ልጅ ስንቁን ተሸክሞ የብዙ ቀን መንገድ መሄድ ነበረበት። ዲያቆኑ አድጎ ቅስና ሲፈልግ ወይ መመንኮስ ወይም ቅስናውን ከመቀበሉ በፊት ድንግል አግብቶ በቍርባን መወሰን ግዴታው ነው። ከቅስና በኋላ ሚስት ማግባት አይቻልም። ሚስቱ ብትሞትበት ሁለተኛ ሊያገባ አይችልም፤ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል። ቢፈታትም እንዲሁ ነው።

በዚያ ዘመን ባላገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጋባው በሰማንያ ነበርና መፋታትና ሌላ ማግባት የተለመደ ነገር ነበር። ከዚህ የተነሣ በአንድ መንደር ውስጥ የካህኑ ጋብቻ ከሌላው ሁሉ የተለየ ሆኖ ይታያል። ምእመናን የሚቀበሉት ቍርባን፥ የሚጠመቀው ሕፃን፥ የሚፈታው ሙት በካህኑ ክህነት ላይ የቆመ ሲሆን፥ የካህኑም ክህነት ከዚያች ከአንዲት ሴት ጋር ባለው ኪዳን ላይ የቆመ ነው። የካህን ሚስት ማዕርግ የላትም፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብም ስሟ አይገባም። ነገር ግን እርሷ የሌለችበት ካህን ወይ ይመነኵሳል፥ ወይም ብቻውን ይኖራል፥ ወይም ቅስናውን ይተዋል።

ሦስተኛው መሠረት መሬት ነው። ለደብሩ ከተሰጠው መሬት ካህናቱ፥ ዲያቆናቱና ደብተሮቹ እየተካፈሉ ይይዛሉ፤ ግብሩ አገልግሎት ነው። ካህኑ ሰሞኑን ይጠብቃል፤ ማለት ተራው በሚደርስበት ሳምንት ቅዳሴውንና ሌላውን የቤተ ክርስቲያን ሥራ ይፈጽማል። ሕጉ የሚመለከተው አገልግሎቱ መፈጸሙን ነውና፥ መሬቱን የያዘው ሰው ራሱ ማገልገል ባይችል በእርሱ ፈንታ የሚቀድስ ሰው መቅጠር ይችል ነበር። በዚህ መንገድ ባሏ የሞተባት ሴት ሳይቀር መሬቱን ይዛ ለመቆየት ትችላለች፤ ነገር ግን ለቅጥረኛው ካህን የምትከፍለው እህል ከዚያው ከመሬቱ የሚወጣ ስለ ሆነ፥ የሚቀራት ጥቂት ነው። ስለዚህ ከወንዶች ልጆች አንዱ ዲያቆን ሆኖ እንዲያድግ ቤተ ሰቡ መመኘቱ ከሃይማኖት ፍቅር ጋር የእንጀራ ነገርም ነበር።

ይህ የሆነው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በስዊድን አገር በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የገጠሩ የሉተራን ካህን የሚኖረው ከሹመቱ ጋር በተያያዘ ቤትና እርሻ ላይ ነበር። ካህኑ ሲሞት ሚስቱና ልጆቹ «የጸጋ ዓመት» በሚባለው ጊዜ ብቻ በገቢው ይረዳሉ፤ ከዚያም ቤቱን ለተተኪው ይለቃሉ። ከዚህም የተነሣ ተተኪው ካህን የሟቹን ባልቴት ወይም ልጅ እንዲያገባ የማድረግ ልማድ ተነሥቶ ነበር። በእኛ ሥርዓት ካህን ባል የሞተባትን ሴት ሊያገባ አይችልምና ይህ መንገድ ዝግ ነው፤ በምትኩ የቆመው ልጅን ዲያቆን ማድረግና ምትክ መቅጠር ነው። ሁለቱ ቤተ ክርስቲያናት በትምህርትም በሥርዓትም የተራራቁ ሲሆኑ ጥያቄው አንድ መሆኑ ለኅብረተሰብ ጥናት የሚጠቅም ነገር ነው። ጥያቄውም፥ መሬት ለአገልግሎት ሲሰጥ አገልጋዩን የምትመግበው ቤት በምን ትጠበቃለች የሚለው ነው።

፪. ጾሙና አውድማው

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባና በልደት ዋዜማ ይፈጸማል። ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን ሲውል ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዋዜማው 44 ቀን ይሆናል፤ ሊቃውንቱም 40ውን የነቢያት፥ 3ቱን የአብርሃም ሶርያዊ፥ 1ዱን የገሃድ እያሉ ይቈጥሩታል። በዘመነ ዮሐንስ ያለፈው ዓመት ጳጕሜን 6 ቀን ስለምትሆን በዓሉ ወደ ታኅሣሥ 28 ይመለሳል። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ይህን ጾም ከሌሎቹ ጋር ይቈጥረዋል። በጾሙ ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና እንቍላል አይበላም፤ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀርም እስከ 9 ሰዓት ድረስ እህል ውሃ አይቀመስም።

ነገር ግን የተጻፈው ሕግና የተያዘው ልማድ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ዓቢይ ጾምንና ፍልሰታን ባላገሩ ሁሉ አጥብቆ ሲይዝ፥ የሐዋርያትንና የነቢያትን ጾም የሚይዙት በብዙ ቦታ ካህናቱ፥ መነኮሳቱና ሽማግሎቹ ነበሩ፤ የሐዋርያት ጾም «የቄስ ጾም» ተብሎ መጠራቱም ይህን ያስረዳል። እንግዲህ በኅዳርና በታኅሣሥ የካህኑ ቤት የሚጾመው ብዙ ጊዜ ጎረቤቱ እየበላ ነው። ይህ ለራሱ ለካህኑ ከባድ ላይሆን ይችላል፤ ለልጆቹ ግን ከባድ ነበር። ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ መጾምን ይለማመዳል፤ የካህን ልጅ ከሆነ ደግሞ ዓይን ይበዛበታልና በጎረቤት ቤት ወተት ሲጠጣ ቢታይ ወሬው ለአባቱ ነቀፋ ይሆናል።

ወራቱ የሥራም ወራት ነው። ገብሱ ቀደም ብሎ ይሰበሰባል፤ ጤፉና ስንዴው በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፥ ይከመራል፥ ይወቃል። አውድማው ተጠርጎ በእበት ይለቀለቃል፤ በሬዎቹ ነዶው ላይ እየዞሩ ያበራዩታል፤ ከዚያ በመንሽና በላይዳ ወደ ነፋስ እየተወረወረ ገለባው ከፍሬው ይለያል። ተራው ካህን ራሱ አራሽ ነው፤ ሞፈርና ቀንበር ይዞ ይውላል፤ ያጭዳል፥ ይወቃልም። ሰሞነኛ ያልሆነ ጊዜ ከባላገሩ የሚለየው በጥምጥሙና በመስቀሉ ነው።

ዋናው ችግር ከዚህ ላይ ይነሣል። ከ44ቱ ቀን ሰንበታቱ ብቻ ከ12 እስከ 14 ይደርሳሉ። በዚህ ላይ በኅዳር የገብርኤል፥ የጽዮን ማርያም፥ የጊዮርጊስ፥ የመድኃኔ ዓለምና የበዓለ ወልድ ቀናት አሉ። በታኅሣሥም 3 በዓታ፥ 12 ሚካኤል፥ 19 ገብርኤል፥ 21 ማርያም፥ 23 ጊዮርጊስ፥ 24 ተክለ ሃይማኖት፥ 27 መድኃኔ ዓለም፥ 28 አማኑኤል ይከተላሉ። ከእነዚህ በሰንበት የሚውሉትን ቀንሰን ብንቈጥራቸው፥ ሁሉን የሚያከብር ቤት ለማጨድና ለመውቃት የሚቀረው ከጠቅላላው እኩሌታ ያህል ነው። ባላገሩ ከነዚህ በዓላት የደብሩንና የአካባቢውን መርጦ ያከብራል። ካህኑ ግን ለሌላው በዓሉን የሚያውጅ እርሱ ነውና መምረጥ አይችልም። በዓል የሻረ ሰው በረዶ በሰብሉ ያስወርዳል ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ፥ የካህኑ ማጭድ በበዓል ቀን ከታየ ነገሩ የቤቱ ብቻ ሳይሆን የአገሩ ሁሉ ነገር ይሆናል።

የተቆረጠውን ቀን የሚተካው ደቦ ነው። ካህኑ የብዙ ቤት የነፍስ አባት በመሆኑ የነፍስ ልጆቹ በአንድ ቀን ተሰብስበው ያጭዱለታል፤ ይወቁለታልም። ይህን እርዳታ ግን በነጻ የተገኘ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ደቦ የወጣ ሰው ጠግቦ መብላትና ጠላ መጠጣት አለበት፤ ይኸውም እህሉን ከአውድማ የሚያነሣው የወንዶቹ ጕልበት ሲሆን፥ ያንን ጕልበት የሚጠራው የሴቲቱ ወፍጮና ጋን ነው ማለት ነው።

፫. የቤቱ ቀን

የካህን ሚስት ከዶሮ ጩኸት በፊት ትነሣለች። ወፍጮው ከታች የተተከለ ሰፊ ድንጋይ ነው፤ ተንበርክካ መጁን በሁለት እጅዋ እየገፋች ጤፉን፥ ገብሱን፥ ሽሮውን ትፈጫለች። ሴት ልጅ ያላት እንደ ሆነ በተራ ይፈጫሉ። ከዚያ ውሃ መቅዳት፥ እንጨትና ኩበት መሰብሰብ፥ ሊጡን ማቡካት፥ ምጣዱን አስምታ እንጀራ መጋገር ይከተላል። ጥጡን መፍተልም የሴት ሥራ ነው፤ በደጋን የተነደፈው ባዘቶ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል፤ ሸማኔውም ጋቢና ነጠላ አድርጎ ይሠራዋል። ካህኑ በቤተ ክርስቲያን ነጭ ለብሶ መቆም ስላለበት ልብሱ ዘወትር ይታጠባል። የሚታጠበውም በእንዶድ ፍሬ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። የኢትዮጵያዊው ሊቅ የአክሊሉ ለማ የ1957 ዓ. ም. ምርምር በዓድዋ የጀመረው፥ ይህ እንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መታየታቸውን በማስተዋል ነበር። በልማድ የተያዘ የቤት ዕውቀት ለሳይንስ በር እንደሚከፍት ይህ አንድ ምሳሌ ነው።

በጾም ቀን ምግቡ አንድ ጊዜ ነው። ሽሮ፥ የአተርና የባቄላ ክክ፥ ምስር፥ ጎመን፥ ተልባና ሱፍ የዚህ ወራት ወጥና ማባያ ናቸው። ከባቄላ ዱቄት ተሠርቶ በሰናፍጭ የሚቦካው ስልጆ ለጾም ተብሎ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ቀናት ያልፉበታልና የምታዘጋጀው ሴት የጾሙን መግቢያ ቀድማ መቍጠር አለባት። ወጡን የሚሠራ ሰው በጾም ሰዓት ሊቀምስ አይችልም፤ ስለዚህ ጨውና በርበሬው በእጅ ልማድ፥ መብሰሉም በሽታው ይታወቃል።

ካህኑ ሰሞነኛ በሆነበት ሳምንት የቤቱ ሥርዓት ይለወጣል። ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋልና አንዱ ቢጎድል ቅዳሴው ይታጎላል። የሚቀድሰው ካህን 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መከልከል፥ ከሚስቱም ተለይቶ ማደር አለበት። በቤቱ ወሊድ ቢኖር ወይም በሰውነቱ ላይ ደም የሚያፈስ ቍስል ቢያገኘው፥ ከመቅደስ ይከለከላል። ስለዚህ የመጥረቢያና የማጭድ ሥራ በዚያ ሳምንት ለሌላ ይተዋል። ይህንም ሁሉ የምታውቅና የምትጠብቅ ሚስቱ ናት፤ መቼ እንደሚበላ፥ የት እንደሚያድር፥ የትኛው ልብስ ለመቅደስ እንደሚለይ ታዘጋጃለች። ለቍርባን የሚሆነው መገበሪያ ስንዴ ከምእመናን ይመጣና በቤተልሔም በወንዶች እጅ ይጋገራል፤ ሴት በዚያ አትገባም። ነገር ግን ቀዳሹን ለዚያ ሰዓት አንጽታ የምታደርሰው ቤት ከቤተልሔሙ አጥር ውጭ ያለችው ናት።

፬. ጾም እንደ ጎታ

ጾምን የመጽሐፍ ሰዎች የነፍስ መድኃኒት አድርገው ያስረዱታል። የቤት አስተዳደር ዓይን ካየነው ደግሞ ጾም የማከማቻ መንገድ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሣሩ ገና አረንጓዴ ስለ ሆነ ላሞች በደኅና የሚታለቡት በዚህ ወራት ነው፤ ወተቱ ግን በአዋቂዎቹ አይጠጣም። ለሕፃናቱ ከሚሰጠው በቀር የቀረው ይረጋል፥ ይናጣል፥ ቅቤ ይሆናል። ከፊሉ ለልደትና ለጥምቀት ይቀመጣል፤ ከፊሉ በገበያ ይሸጥና ጨው፥ በርበሬና ጥጥ ይገዛበታል። እንቍላሉም እንዲሁ አንዱ ለገበያ፥ አንዱ ለማስፈልፈል ይቀራል። ጎረቤቱ በየቀኑ የሚበላውን የካህኑ ቤት በ44 ቀን ያጠራቅማል። በዚህም ምክንያት ከሌላው ያነሰ ከብት ያለው ካህን በበዓል ቀን ከሌላው ያላነሰ ገበታ ሊዘረጋ ይችል ነበር።

ይህ ክምችት ግን የሚጠበቀው በአንዲት ሴት ልብ ነው። ታዳጊው ልጅ ተርቦ የወተቱን ዕቃ ሲመለከት፥ የሰባት ዓመቱን ልክ የምትወስን፥ የታመመውን የምታስፈታ፥ የሚያጠባውንና የሚያድገውን የምትለይ እናቱ ናት። ሥርዓቱ ለሕፃንና ለድውይ ይራራል፤ መራራቱ በሥራ የሚገለጠው ግን በጓዳ ነው። የተወለደ ልጅ ያላት እናት በባዶ ሆድዋ እያጠባች ሌሊት ስትፈጭ የምታድርበት ቤት ጥቂት አልነበረም። ይህን ሳይጽፉ ስለ ካህናት ቤት ብልጽግና ብቻ መጻፍ እውነቱን ከፍሎ መተው ይሆናል።

፭. ልጆችና ተማሪዎች

የካህኑ ደጅ ትምህርት ቤትም ነው። የመንደሩ ልጆች ጧት ጧት ተሰብስበው ሀሁ፥ አቡጊዳ፥ ከዚያም የዮሐንስን መልእክትና ወንጌል፥ በመጨረሻም ዳዊት ይማራሉ። በመኸር ጊዜ አብዛኞቹ ወፍ ለመጠበቅና ከብት ለማገድ ይወሰዳሉና ትምህርቱ ይላላል። ከሩቅ አገር የመጣ የቆሎ ተማሪ ግን ወዴትም አይሄድም። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ በየደጁ በማርያም ስም እየለመነ ያደረበትን ጎጆ እሳት ያነድዳል፤ ለየኔታ ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ ልብስም ያጥባል። መኸር ለእርሱ የጥጋብ ወራት ነው፤ ከየአውድማው እፍኝ እፍኝ ይሰጠዋልና።

የካህኑ ልጅና የቆሎ ተማሪው ጎን ለጎን ሲያድጉ አንዱ ከአባቱ ቤት የሚበላ፥ ሌላው በልመና የሚያድር ቢሆንም፥ ቅጣታቸውና ጥናታቸው አንድ ነው። ሴቶቹ ልጆች ግን ከፊደሉ ይልቅ ለወፍጮው ይሰጣሉ። ዳዊት የደገመች የካህን ልጅ አትጠፋም፤ ሆኖም እርሷ ለመማር የቤቱ ሥራ ማለቅ አለበት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የቤት ሥራ የማያልቅ መሆኑን ከላይ አይተናል። በሌላ በኩል የካህን ልጅ ሥርዓት አውቃ ያደገች ናትና ለዲያቆን ለመታጨት ትፈለግ ነበር። በዚህ መንገድ የክህነት ቤቶች በጋብቻ ይያያዛሉ፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውም የጾም፥ የንጽሕናና የጎታ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ ከሚተላለፈው ዜማ ጋር እኩል የሚሄድ ሌላ ትምህርት ነው።

፮. የመጨረሻው ሳምንት

ከታኅሣሥ 7 ቀን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ስብከት፥ ብርሃን፥ ኖላዊ የሚባሉት ሦስቱ ሳምንታት ይከታተላሉ። ማሕሌተኛው የዘመኑን መለወጥ በድጓው ያውቃል፤ ሚስቱ ደግሞ በጋኑ ታውቃለች። ለበዓሉ የሚሆነው ጠላ ብዙ ቀን አስቀድሞ መጀመር አለበት። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ይጠነሰሳል፤ ከዚያ ብቅሉ፥ ቀጥሎም ተቈልቶ የተፈጨው አሻሮ እየገባ ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ ውሃ ተጨምሮበት ጠላው ይጠራል። ጠላ በጾም የተከለከለ ስላይደለ የሚያሰጋው የጎረቤት ወሬ ሳይሆን ከቀኑ በፊት ማለቁ ነው፤ የደቦው፥ የማኅበሩና የሰንበቴው ተራ በዚህ ወራት ከደረሰ ድግሱ ከጋኑ አስቀድሞ ይቀንሳልና።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ቤቱ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ መደቡ ይለቀለቃል፤ በርበሬው በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ቅቤው በኮረሪማ፥ በኮሰረትና በበሶብላ ይነጠራል። ወንዶቹ ልጆች ከሜዳ የተቈረጠ የቈለመመ እንጨት ይዘው ሩሩን ሲመቱ ይውላሉ፤ የገና ጨዋታ የሚጀምረው ከበዓሉ ቀደም ብሎ ነውና። በዚህ ጨዋታ ታላቁንና ታናሹን የሚለየው ክብር ለጥቂት ጊዜ ይላላል፤ ልጁ ባለ ሥልጣኑን ቢሰድብ አይቈጡትም።

በዋዜማው ቀን ሥራው እጥፍ ነው። ድፎው ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል፤ ዶሮው ወጥ ሳይቀመስ ይሠራል፤ ቄጤማው ይጐዘጐዛል። ካህኑ ግን ከዚህ አንዱንም አያይም፤ ወደ ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሌሊቱን በማሕሌት ቆሞ ያድራል፤ ቅዳሴውም ሳይነጋ ይፈጸማል። በቤት የቀረችው ሚስቱ እሳቱን ትጠብቃለች። ሕፃን የያዘች ከሆነች ወይም የወር ልማድ ከደረሰባት ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባምና በዓሉን የምትሰማው ከሩቅ በሚመጣው የከበሮ ድምፅ ነው።

፯. የተሰበሰበው ሲበተን

በልደት ጧት ካህኑ ዳቦውን ባርኮ ይቈርሳል፤ ቤተ ሰቡም ይገድፋል። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ የራሱ ብቻ አይደለም። የቆሎ ተማሪዎቹ፥ ድኾቹ፥ መነኮሳይያቱ፥ ካህኑን ለመሳለም የሚመጡት የነፍስ ልጆች ይገባሉ። ካህኑም በተራው ወደ ነፍስ ልጆቹ ቤት እየሄደ ጠበል ይረጫል፤ ይባርካል፤ ከገበታቸው ይካፈላል። ከየቤቱ ዳቦና እንጀራ ወደ ካህኑ ይመጣል፤ ከካህኑ ቤት ደግሞ ለሌላው ይወጣል። ሚዛኑን በትክክል ለክቶ መናገር አይቻልም፤ ነገር ግን በሁለቱ አቅጣጫ የሚሄደው እህል በሴቶች እጅ የተሠራ መሆኑ ግልጽ ነው።

ልደት በዚያ ዘመን የስጦታ በዓል አልነበረም፤ በገጠርም ከፋሲካና ከጥምቀት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ በዓል ነበር። ለካህኑ ቤት ትልቅነቱ ሌላ ነው። የመኸሩ እህል ጎታ የገባበትን፥ ጾሙ በደኅና የተፈጸመበትን፥ መሬቱም ለአንድ ዓመት የተጠበቀበትን ቀን ያሳያል። ልደት አልፎ ከጥምቀት በኋላ የሠርግ ወራት ይመጣልና፥ በጥር ለዲያቆኑ ልጅ የምትታጨዋን ልጃገረድ ቤት የሚፈልግ ካህን ጠላውንም ቅቤውንም ከዚያው ከታኅሣሡ ክምችት ማውጣት ነበረበት።

፰. ከ1967 ዓ. ም. በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ፥ በአገልግሎት የሚያዝ የቤተ ክርስቲያን መሬት ቀረ። ካህኑ እንደ ማንኛውም ገበሬ በገበሬ ማኅበር በኩል ድርሻ የሚያገኝ አራሽ ሆነ። በዚህ ለውጥ ሁለት ነገር ተፈጸመ። በአንድ በኩል የካህን ባልቴት መሬትዋን ለማቆየት ቀዳሽ መቅጠር አላስፈለጋትም፤ በሌላ በኩል ልጅን ዲያቆን አድርጎ ማሳደግ ከመሬት ጋር የነበረው ማሰሪያ ተፈታ። የእህል ወፍጮ በሞተር ወደ ገጠር እየገባ በሄደበት ቦታም ሴቲቱ ከሌሊቱ ሰዓት ከፊሉን አገኘች። የጋብቻው ሕግ፥ የሰሞነኛው ንጽሕና፥ የጾሙ ቍጥር ግን አልተለወጡም።

ከዚህ የምንረዳው፥ የክህነት ሥርዓት በሦስት ነገር ማለት በአንድ ጋብቻ፥ በመሬትና በጾም የተሳሰረ እንደ ነበረና፥ ሦስቱም የሚገናኙበት ቦታ ቤተ መቅደሱ ሳይሆን ጓዳው እንደ ነበረ ነው። ካህኑ ለመቅደስ የሚበቃው ቤቱ ሲበቃ ነው። ስለዚህ የገጠሩን ቤተ ክህነት ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ አለቃውንና መሪጌታውን ከጠየቀ በኋላ የካህኑንም ሚስት ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ጥያቄውም ስለ ሃይማኖት ትምህርት ሳይሆን፥ ስልጆው መቼ እንደሚጀመር፥ ቅቤው ለማን እንደሚሸጥ፥ ሰሞነኛው ሳምንት ማጭዱን ለማን እንደሚሰጥ፥ ልጁም በስንተኛው ዓመቱ ከወተት እንደሚከለከል ይሁን። የዚያን ሥርዓት ሙሉ መልክ በሥራ የሚያውቁት እነዚህ እናቶች ናቸው፤ ከመሬቱ ዐዋጅ በፊት ቤት ይዘው የነበሩትም ዛሬ በዕድሜ እጅግ የገፉ ናቸውና ጥያቄው ሳይዘገይ ሊጠየቅ ይገባል።